የ1.2 ሚሊዮን ዓመት በረዶ፦ ዋልታ ላይ የሚቆፈረው ለምንድን ነው? እኛንስ ምን አገባን?

መምህር_ዘሸዋ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ አየር ንብረት ስናወራ አንድ ዜና ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። የአውሮፓ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ 2,800 ሜትር ድረስ በረዶ ቆፍረው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ናሙና አውጥተዋል። ዜናው የተሰማው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ነው።

ክፍሉ በጥያቄ ተናጠ። አንዷ «ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን የነበረውን ሙቀት ከበረዶ እንዴት ያውቃሉ?» አለች። ሌላው «ያን ያህል ዘመን ሳይቀልጥ እንዴት ቆየ?» አለ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ «እኛን ምን አገባን?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ከልቡ ነው የጠየቀው። በደንብ አንብቤ ልመልስለት ቃል ገባሁ። እዚህ የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ ሰፋ አድርጋችሁ አስረዱኝ።

ቀዝቃዛ_ክፍል

መምህር፣ እንኳን ጠየቁ። እኔ ጀርመን ውስጥ የበረዶ ናሙና የሚቆረጥበት ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆኜ እሠራለሁ። አንታርክቲካ ሄጄ አላውቅም። ከዚያ የሚመጣውን በረዶ ግን በእጄ ነው የምቆርጠው።

ከሙቀቱ ልጀምር። ውሃ ሁሉ ክብደቱ እኩል አይደለም። አብዛኛው ቀላሉን ኦክስጅን፣ ኦክስጅን 16ን ይዟል። ጥቂቱ ከበድ ያለውን ኦክስጅን 18ን ይይዛል። ደመና ከሞቃት ባሕር ተነስቶ ወደ ዋልታ ሲሄድ መንገድ ላይ እየዘነበ ነው የሚሄደው። ሲዘንብ ደግሞ ከባዱ ይቀድማል። ዘመኑ በቀዘቀዘ ቁጥር ከባዱ ውሃ መንገድ ላይ ይቀርና ዋልታ የሚደርሰው በአብዛኛው ቀላሉ ይሆናል። ስለዚህ በረዶው ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ለክቶ ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ በረዶው በወደቀበት ጊዜ ብርዱ ምን ያህል እንደነበር ይናገራል።

የዚህ ሐሳብ ባለቤት ዊሊ ዳንስጎር የሚባል ዴንማርካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ላይ ዝናብ ሲጥል ባዶ የቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ ፈነል ሰክቶ ግቢው ውስጥ አቆመ። ውሃውን ሲለካው የዝናቡ ክብደት እንደ ደመናው ቅዝቃዜ እንደሚለያይ አየ። በ1954 ይህንኑ በግሪንላንድ በረዶ ላይ ብንሠራበት የጥንቱን አየር ንብረት ማወቅ እንችላለን ብሎ ጻፈ። አሜሪካኖች በ1966 ግሪንላንድ ውስጥ ካምፕ ሴንቸሪ በተባለው የጦር ሰፈራቸው 1,387 ሜትር ቆፍረው አለት ላይ ደረሱ። ያንን በረዶ የለካው ዳንስጎር ነው።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም ትልቁ ይኼ ነው። በረዶ ሲወርድ በቅንጣቶቹ መካከል አየር አለ። በላዩ ላይ ሌላ በረዶ እየተጫነው ሲሄድ ይጠቀጠቃል። ከ70 እስከ 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ሁሉ ይዘጋና አየሩ ትንንሽ አረፋ ሆኖ እዚያው ይታሰራል። ከዛፍ ቀለበትም፣ ከሐይቅ ጭቃም፣ ከድንጋይም ስለ ጥንቱ አየር መገመት ይቻላል። የዚያን ዘመን አየር ራሱን ይዞ የሚያመጣልን ግን በረዶ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና ሚቴኑን በቀጥታ እንለካዋለን፤ ግምት የለበትም።

ቁጥሩን ለልጆቹ ይንገሩልኝ። ባለፉት 800,000 ዓመታት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበረዶ ዘመን ወደ 180፣ በሞቃት ዘመን ወደ 280 ነበር። ይህ ከሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ማለት ነው። ከፍ ካለም 300 አካባቢ ነው። ዛሬ ከ420 በላይ ነው።

አለመቅለጡን በተመለከተ፣ ናሙናው ከወጣበት ቦታ አጠገብ ያለው የኮንኮርዲያ ጣቢያ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 54 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆፋሪዎቹ የሚሠሩት በበጋ ነው፤ የበጋው አማካይም ከዜሮ በታች 35 ነው። ከላይ የሚቀልጥበት ምክንያት የለም።

ጠያቂ_ነኝ

ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ሁለት ነገር አልገባኝም።

አንደኛ፣ 800,000 ዓመት አለን ካላችሁ ሌላ 400,000 ለመጨመር ይህን ሁሉ ገንዘብ ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? የአውሮፓ ኅብረት ብቻ 11 ሚሊዮን ዩሮ እንደሰጠ አንብቤያለሁ። ሁለተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደጨመረ ለማወቅ በረዶ መቆፈር ያስፈልጋል? አሁን በመሣሪያ ይለካል።

ክፉ አስቤ አይደለም። ድርቅ በሚመላለስበት አገር ለምኖር ሰው ጥያቄው ይመጣል።

ቀዝቃዛ_ክፍል

ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከሁለተኛው ልጀምር። ዛሬ 420 መሆኑን መሣሪያው ይነግረናል። 420 ከልክ ያለፈ ይሁን አይሁን የሚነግረን ግን ያለፈው ነው። በረዶው ባይኖር «ድሮም እንዲህ ነበር» ለሚል ሰው መልስ አይኖረንም ነበር።

ወደ መጀመሪያው ስመጣ፣ ነገሩ 400,000 ዓመት መጨመር ብቻ አይደለም። ምድር የምትቀዘቅዝበትና የምትሞቅበት ዑደት አላት። ባለፉት 900,000 ዓመታት ገደማ ዑደቱ በየ100,000 ዓመቱ ነበር። ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን በየ41,000 ዓመቱ ነበር። በመሐል የሆነ ነገር ተለወጠ። የምድር ዛቢያና ምህዋር እንደድሮው ነው፤ ፀሐይም ያው ናት። ታዲያ ምን ለወጠው? አንዱ ጥርጣሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ መቀነሱ ነው። ይህን ማረጋገጥ የሚቻለው የዚያ ዘመን አየር በእጅ ሲገባ ነው። 800,000 ላይ የሚያቆም ናሙና ከለውጡ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቁፋሮው የተጀመረው ለዚህ ነው።

የገንዘቡን ነገር አንተው ፍረድ። እኔ በበኩሌ 11 ሚሊዮን ዩሮ ለ10 የአውሮፓ አገሮች የዓመታት ሥራ ብዙ ነው አልልም።

ሐኪሟ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሰዎቹ ናቸው። እዚያ እንዴት ይኖራሉ? ስንት ሰው ነው? የሚታመም ሰው ቢኖርስ?

ቀዝቃዛ_ክፍል

እህቴ፣ ኮንኮርዲያ የፈረንሳይና የጣሊያን ጣቢያ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,233 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የቆመውም በረዶ ላይ ነው። ዋልታ አካባቢ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት 3,800 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። የደብረ ብርሃን ሰው ግማሹን መንገድ ለምዶታል ማለት ይቻላል።

በክረምት 12 ወይም 13 ሰው ይቀራል። ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር አውሮፕላን አያርፍም። ከሜይ መጀመሪያ እስከ ኦገስት ፀሐይ አትወጣም። የቅርብ ጎረቤት የሚባለው የሩሲያው ቮስቶክ ጣቢያ ሲሆን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ የሚታመም ሰው እዚያው ይታከማል። ሐኪም አለ፤ ትንሽ የቀዶ ሕክምና ክፍልም አለ። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት በየዓመቱ አንድ ሐኪም ይልካል። ሥራው የክረምተኞቹን እንቅልፍ፣ ስሜትና ደም ማጥናት ነው። ወደ ማርስ የሚጓዝ ሰው የሚገጥመውን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ ምድር ላይ ብዙ የለም።

ቮስቶክን ካነሳሁ አይቀር አንድ ታሪክ ልጨምር። ሶቪየቶች የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በጁላይ 21፣ 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ የተመዘገበው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት በ1982፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የጣቢያው ጄኔሬተር ቤት በእሳት ተቃጠለ። አንድ መካኒክ ሞተ። የቀሩት 20 ሰዎች በጨለማ፣ ከውጭ ማንም ሊደርስላቸው በማይችልበት ሁኔታ፣ አሮጌ ሞተር ጠግነውና ራሳቸው በሠሩት ምድጃ እየሞቁ ወራት ቆዩ። ጣቢያው ከዚያ በኋላም ቁፋሮውን ቀጠለ። በ1998 ጥልቀቱ 3,623 ሜትር ደረሰ፤ ከዚያም የ420,000 ዓመት ታሪክ ወጣ።

ተማሪ_12ኛ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ስለገባሁ። መቆፈሪያው ራሱ እንዴት ነው የሚሠራው? እንደ ውሃ ጉድጓድ ነው? ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ቧንቧ እንዴት ይሰካል?

ቀዝቃዛ_ክፍል

ጎበዝ። ቧንቧ አይሰካም። መቆፈሪያው ረጅም የብረት ሲሊንደር ነው፤ በኬብል ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ክብ የሆኑ ምላጮች አሉ። ዙሪያውን ብቻ እየላጡ መሐሉን ሳይነኩት ይተዉታል። መሐል ላይ የሚቀረው ዘንግ ኮር ይባላል፤ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት አራት ሜትር ያህል ሲሞላ መቆፈሪያው ይሳባል። ጥርስ የመሰሉ ብረቶች ኮሩን ከሥሩ ይቆነጥጡትና ቀጭ አድርጎ ይሰበራል። ከዚያ በዊንች እየተጎተተ ይወጣል። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ወርዶ ለመውጣት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለሦስት ሜትር በረዶ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። ወርደህ ውጣ፣ ወርደህ ውጣ፣ ቀኑን ሙሉ።

ጉድጓዱ ባዶ ከተተወ ይዘጋል። በረዶ በዚያ ጥልቀት ላይ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገፋል። ስለዚህ በማይቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሞሉታል። ለብዙ ዘመን ከኬሮሲን ወገን የሆነ ዘይት ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው መቆፈሪያው ሲያዝ ነው። ኤፒካ የሚባለው የአውሮፓውያን ፕሮጀክት በ1996 ኮንኮርዲያ ባለበት ዶም ሲ ላይ ጀመረ። በ1998 መጨረሻ 788 ሜትር ላይ መቆፈሪያው ተቀረቀረ። ሊያወጡት አልቻሉም። ጉድጓዱን ትተው አጠገቡ አዲስ ከዜሮ ጀመሩ። በ2004 ዲሴምበር ላይ 3,270 ሜትር ደረሱ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው የ800,000 ዓመት ሥዕል ከዚያ ከሁለተኛው ጉድጓድ የወጣ ነው። የሠሩትን ሰዎች ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል። ሁለት በጋ ደክመው በመጨረሻ ባዶ ሜዳ ላይ እንደገና መጀመር ቀላል አይደለም።

ጠያቂ_ነኝ

እሺ፣ ሌላ ጥያቄ። አዲሱ ጉድጓድ 2,800 ሜትር ነው። የድሮው 3,270 ነው። ታዲያ ጥልቁ 800,000 ሆኖ አጭሩ 1.2 ሚሊዮን እንዴት ይሆናል?

ቀዝቃዛ_ክፍል

ቁልፉን ነገር ያዝከው። ከሥር ምድር ሙቀት ይወጣል። ወፍራም በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ያንን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል። ከታች ያለው በረዶ ይሞቅና ይቀልጣል፤ የሚቀልጠው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያረጀው ነው። ሳሳ ያለ በረዶ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ከሥሩ ያለውም ሳይቀልጥ ይቆያል። ስለዚህ በጣም ወፍራም ያልሆነ፣ በጣም ያልሳሳ፣ ፍሰቱም የዘገየ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው። በራዳር ዓመታት ፈልገው ከኮንኮርዲያ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለውን ሊትል ዶም ሲ መረጡ።

እዚያ ላይ ያልተዛባው ታሪክ እስከ 2,480 ሜትር ድረስ ይሄዳል። በዚያ ጥልቀት አንድ ሜትር በረዶ ውስጥ እስከ 13,000 ዓመት ተጨምቆ ይገኛል። ከአለቱ በላይ ያለው የመጨረሻው 210 ሜትር ያረጀ ነው፤ ግን የተጣመመና ምናልባት የተደባለቀ ስለሆነ ሥራው ገና ነው።

ሌላው ምክንያት ቦታው እጅግ ደረቅ መሆኑ ነው። ዶም ሲ ላይ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቢቀልጥ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ አይሞላም። ከዳሎል ያነሰ ነው። በረዶው ሲያንስ ዓመቶቹ ይሳሳሉ፤ በአንድ ሜትር ውስጥ ብዙ ዓመት ይገባል። ግሪንላንድ ላይ ብዙ ስለሚጥል 3 ኪሎ ሜትር ቆፍረህ የምታገኘው ወደ 120,000 ዓመት ነው። በዚያ ፈንታ ግን የግሪንላንዱን ዓመት በዓመት መቁጠር ትችላለህ።

ትሮምሶ_ነዋሪ

ውይይቱ ጥሩ ነው። ስለ ደቡቡ ስታወሩ ሰሜኑን እንዳትረሱት። የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ ነው። በሴፕቴምበር 2019 ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን መርከብ ከዚህ ከተማ ስትነሳ ለማየት ወደብ ወርጄ ነበር። ሞዛይክ የሚባለው ጉዞ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መርከቧን ሆን ብለው በባሕር በረዶ ውስጥ እንድትያዝ ማድረግና በረዶው ወደወሰዳት እየተንሳፈፉ ዓመቱን ሙሉ መለካት። ኖርዌጂያዊው አሳሽ ናንሰን ከ1893 እስከ 1896 በፍራም መርከብ ያደረገውን በዘመኑ መሣሪያ መድገም ነው።

እዚያ የቆሙበት በረዶ ውፍረቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይደለም። ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ውቅያኖስ አለ። በረዶው በነፋስ ይሰነጠቃል፤ ትናንት የተከሉት መሣሪያ ዛሬ ከስንጥቁ ማዶ ይገኛል። ጠመንጃ ይዞ ድብ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንም ከመርከቧ አይወርድም። በፌብሩዋሪ 2020 ከሰሜን ዋልታ 156 ኪሎ ሜትር ድረስ ተጠጉ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ሠራተኛ የሚቀይረው አውሮፕላን ቀረ። መርከቧ በረዶውን ትታ ወደ ስቫልባርድ ወርዳ ከሌሎች ሁለት የጀርመን መርከቦች ሰውና ስንቅ ተቀብላ መመለስ ነበረባት።

የተለፋው አርክቲክ በክረምት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ መለኪያ ስላልነበረ ነው። የአየር ንብረት ሞዴሎች ከፍተኛ ስሕተት የሚያሳዩት እዚያ ነው። ከቤት ሆኖ የሚሞላ ክፍተት አይደለም።

ጣና_ዳር

መምህር፣ «እኛን ምን አገባን» ላለው ልጅ መልስ አለኝ። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ሥራዬም ውሃ ነው።

ጣና አንድ ጊዜ ደርቋል። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ጭቃ ቆፍረው አውጥተው ሲያዩት ከ18,000 እስከ 16,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ እንደደረቀ ያሳያል። ጣና ከደረቀ ከጣና ወደ ዓባይ የሚፈስ ውሃ የለም ማለት ነው። ያ ዘመን ደግሞ በሰሜን አትላንቲክ ላይ እጅግ ብዙ የበረዶ ተራራ ከሰሜን አሜሪካ ተገምሶ ባሕር የገባበትና የሰሜኑ ባሕር የቀዘቀዘበት ጊዜ ነው። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ የዝናብ ቀበቶው ወደ ደቡብ ይሸሻል። ክረምታችን ይከዳናል።

ከዚያ የግሪንላንዱን ኮር ተመልከቱ። ከ14,700 ዓመት ገደማ በፊት ግሪንላንድ በድንገት ሞቀ። በዚያው ሰሞን በበረዶው አረፋ ውስጥ ያለው ሚቴን ዘለለ። ሚቴኑ ከየት መጣ? ከትልልቆቹ ምንጮች አንዱ የሐሩር ክልል ረግረግ ነው። ዝናብ ሲመለስ ረግረጉ ይሞላል፣ ረግረጉ ሚቴን ይተነፍሳል፣ ያ አየር ግሪንላንድም አንታርክቲካም ደርሶ ይታሰራል። ጣናም ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

እዚያ ዋልታ ላይ ያለው በረዶ ውስጥ እኛ የምንኖርበት የዝናብ ቀበቶ ታሪክ አለ ማለት ነው። ከአንዱ ማዶ ጭቃው፣ ከሌላው ማዶ በረዶው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነው ነገሩ የሚነበበው። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠያቂ_ነኝ

ይኼኛው አሳመነኝ። ክረምቱ ለምን እንደሚከዳ ለማወቅ ከሆነ እኛም የምንከፍልበት ምርምር ነው። ለመሆኑ እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ቁፋሮ አለ?

ጣና_ዳር

አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጨው ባሕር ላይ 290 ሜትር ገደማ ተቆፍሯል። በረዶ ሳይሆን የደረቀ ሐይቅ ደለል ነው። ወደ 620,000 ዓመት የሚሄድ የእርጥበትና የድርቅ ታሪክ ወጥቶበታል። የሰው ዘር በተነሳበት አካባቢ እንዲህ ያለ ረጅም ታሪክ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ከአንታርክቲካው ጋር ጎን ለጎን እየተነበበ ነው።

ሳኔቲ

የባሌ ልጅ ነኝ። እኛም በረዶ ነበረን። በዚህ አጋጣሚ እሱ ይነገርልኝ።

ሳኔቲ ሜዳ ላይ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትልልቅ ድንጋዮች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የደረደራቸው ብርድ ነው፤ መሬቱ እየቀዘቀዘና እየቀለጠ ለብዙ ዘመን ገፋቸው። ከዚያ ወረድ ሲባል በሸለቆዎቹ ውስጥ ግግር በረዶ ገፍቶ የከመረው ድንጋይ አለ። ተመራማሪዎች ከድንጋዮቹ ላይ ጥቂት ቆርጠው ውስጡ ያለውን ክሎሪን 36 ለኩ። ይህ ድንጋዩ ከበረዶ ወጥቶ ለሰማይ ከተጋለጠ ስንት ዘመን እንደሆነው ይናገራል። የባሌ በረዶ በጣም የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ሆኖ ተገኘ። በሰሜኑ ዓለም በረዶው የገነነው ወደ 21,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የእኛ ቀደመ። ለምን እንደቀደመ ገና እየተጠና ነው።

የሚደንቀው በዚያ ጊዜ ሰው መኖሩ ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፤ 3,469 ሜትር ላይ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ኖረውበታል። ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። የድንጋይ መሣሪያቸውን የሚሠሩበት ኦብሲዲያን የሚባለውን የእሳተ ገሞራ መስታወት ከ4,200 ሜትር በላይ፣ በረዶው አጠገብ ካለ ቦታ ያመጡ ነበር። ፍልፈሉ አሁንም ሳኔቲ ላይ አለ፤ ቀይ ቀበሮው ያድነዋል። ልጆቹን ባሌ የሚወስድ የትምህርት ቤት ጉዞ ቢዘጋጅ ግሩም ነው።

ሐኪሟ

ሳኔቲ፣ ይህን አላውቅም ነበር፤ ተባረክ።

ቀዝቃዛ_ክፍል

አፍሪካ ላይ ስላለው በረዶ ካነሳን ኪሊማንጃሮም አለ። ሎኒ ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ስድስት ኮር ቆፍሮ አውጥቷል። ወደ 11,700 ዓመት የሚሄድ ታሪክ አለው። ከ1912 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ብቻ የተራራው በረዶ ከ80 በመቶ በላይ ጠፍቷል። ዛሬ እንደገና ቢሞከር የሚቆፈረው ሁሉ ያንኑ አይሆንም።

ለዚህ ነው አይስ ሜሞሪ የሚባለው ሥራ የተጀመረው። ሊቀልጡ ከደረሱ የተራራ ግግሮች ኮር እያወጡ ኮንኮርዲያ ላይ በረዶ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ማስቀመጥ ነው። እዚያ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የሚጠፋ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ካናዳ ውስጥ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ የአርክቲክ ኮሮች ቀልጠዋል። ያ ዜና በሰማን ቀን የእኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ማንም አልሳቀም።

ተማሪ_12ኛ

እርስዎ በእጅዎ የሚቆርጡት በረዶ ምን ይመስላል? ቢነካ ምን ይሰማል?

ቀዝቃዛ_ክፍል

ክፍሉ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው። ካፖርት፣ ወፍራም ጓንት፣ ቆብ። ከላይኛው ክፍል የመጣ ኮር ወተት ይመስላል፣ ነጭ ነው፤ አረፋ ስለሞላው። ከ600 እስከ 1,200 ሜትር ያለው ደግሞ አስቸጋሪው ነው። አረፋው ውስጥ የታመቀው አየር ከጥልቅ ሲወጣ ግፊቱን መቋቋም ያቅተዋል። ገና ስትነካው ይሰነጠቃል። ስለዚህ እዚያው አንታርክቲካ ዋሻ ውስጥ ለብዙ ወራት ይተኛል፤ እስኪረጋጋ ድረስ ማንም አይቆርጠውም።

ከዚያ በታች ያለው ይገርማል። አረፋ የለውም። ግፊቱ ስለበዛ አየሩ በውሃው ክሪስታል ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። ኮሩ መስታወት ነው፤ ማዶውን ታያለህ። ዓመት ተቀምጦ ሲከፈት ግን አረፋዎቹ መመለስ ጀምረዋል።

መጋዙ እንደ ሥጋ ቤት መጋዝ ነው። ኮሩ በቁመቱ ይሰነጠቃል። አንዱ ቁራጭ ለአየር ልኬት ይሄዳል፤ አየሩ በሙሉ በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ይደቀቅና የታሰረው አየር ይወጣል። ሌላው ቀጭን ዘንግ ሆኖ በጋለ ሳህን ላይ ይቆማል፤ ከሥሩ ቀስ እያለ ይቀልጣል። ከመሐሉ የወጣው ንጹሕ ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ መሣሪያዎቹ ይሄዳል፤ እጅና ዘይት የነካው የዳር ውሃ ይጣላል። አንዱ ቁራጭ ሳይነካ ለሚመጣው ትውልድ ይቀመጣል፤ ያን ቁራጭ ማንም አይደራደርበትም።

ለቁራጭ የማይሆን ስብርባሪ አንዳንድ ጊዜ ይተርፋል። ውሃ ውስጥ ስትጥለው ጠሽ ጠሽ ይላል። የሚፈነዳው የጥንት አየር ነው። ጆሮህን ብታስጠጋ በደንብ ይሰማል።

መምህር_ዘሸዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በዶም ሲ ዓመቶቹ በጣም ከሳሱ ዕድሜውን በምን ያውቃሉ? መቁጠር አይቻልማ።

ቀዝቃዛ_ክፍል

አይቻልም፣ ልክ ነዎት። በብዙ መንገድ ነው የሚያዘው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመድና ድኝ በረዶው ላይ ይጥላል፤ ያ ምልክት ይሆናል። የበረዶው ፍሰት በስሌት ይገመታል። አርጎን ጋዝ በራሱ መጠን ዕድሜ ይናገራል። ከሁሉም የምወደው ግን የመግነጢስ ምልክቱ ነው። ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት የምድር መግነጢስ ሰሜንና ደቡቡን ገለበጠ። በሚገለበጥበት ጊዜ መግነጢሱ ይዳከማል፤ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በብዛት ይገባል፤ ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ቤሪሊየም 10 የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ያ ቤሪሊየም በኤፒካ ኮር ውስጥ፣ መገኘት በነበረበት ዘመን ላይ፣ ተገኝቷል። ሌላው ዓለም ላይ በላቫ ድንጋይ የተጻፈው ቀን በረዶው ውስጥም ተጽፏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለክፍሉ፦ አየሩ ከበረዶው ያነሰ ዕድሜ አለው። ቀዳዳው የሚዘጋው ጥልቀት ላይ ስለሆነ እስኪዘጋ ድረስ አዲስ አየር ይገባል። ዶም ሲ ላይ ልዩነቱ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ይሆናል። ግራፍ ሲሥሉ ይህን ካልያዙ ሙቀቱና ካርቦኑ የትኛው እንደቀደመ ይምታታል።

ጠያቂ_ነኝ

ስለ 6 ሚሊዮን ዓመት በረዶም አንብቤ ነበር። ያ ከሆነ 1.2 ሚሊዮኑ ምን ጥቅም አለው?

ቀዝቃዛ_ክፍል

እውነት ነው፤ አንታርክቲካ ውስጥ አለን ሂልስ በተባለ ቦታ አሜሪካኖች በአርጎን ለክተው 6 ሚሊዮን ዓመት ደርሰዋል፤ ወሬው የወጣው በ2025 ነው። እዚያ ያረጀ በረዶ በተራራ ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። ግን የተቆራረጠ ነው። አንድ ገጽ ከዚህ፣ አንድ ገጽ ከዚያ። የሊትል ዶም ሲው ግን ሳይቋረጥ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዑደት መቁጠር የሚቻለው ባልተቋረጠው ላይ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ተማሪ_12ኛ

እኔ ይህን መማር እፈልጋለሁ። ከኢትዮጵያ ሰው እንዴት እዚያ ይደርሳል?

ቀዝቃዛ_ክፍል

ግልጹን ልንገርህ። ኢትዮጵያ የአንታርክቲካ ውል አባል አይደለችም። ውሉ በ1959 ሲፈረም ከአፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ስለዚህ በአገር በኩል የሚላክ ቡድን የለም፤ የሚሄደው በዩኒቨርሲቲና በፕሮጀክት በኩል ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪህን አጥብቀህ ያዝ፤ ሒሳብ ደግሞ አትልቀቅ። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም የምድር ሳይንስ አለ። በሐይቅ ደለል ላይ የሠራ ሰው በረዶ ላይ ለመሥራት ሩቅ አይደለም፤ ልኬቱ ዘመድ ነው። አፔክስ የሚባል የጀማሪ የዋልታ ተመራማሪዎች ማኅበር አለ፤ አባልነቱ ለሁሉም አገር ክፍት ነው።

ደግሞ ጣቢያ ላይ የሚከርመው ሳይንቲስት ብቻ አይደለም። ኮንኮርዲያ ኤሌክትሪሺያን፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ መካኒክና ምግብ አብሳይ ይቀጥራል። ክረምቱን የሚያሳልፈው ቡድን ያለ እነሱ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ጣና_ዳር

ልጄ፣ ከጭቃው መጀመር ከፈለግህ በክረምት እረፍትህ ባሕር ዳር ና። ከሐይቁ የወጣውን ደለል የሚያጣሩ ልጆች አሉ፤ አስተዋውቅሃለሁ። መምህር፣ የጣናንና የግሪንላንድን ታሪክ በአንድ ገጽ ላይ አድርጌ በአማርኛ ጽሑፍ አዘጋጅልዎታለሁ። ከዓመቱ ቀጥሎ የግሪንላንድ ሙቀት፣ ከሥሩ ሚቴኑ፣ ከሥሩ የጣና ውሃ። በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

መምህር_ዘሸዋ

እጠብቃለሁ። ፕሮጀክተር ስለሌለን በትልቅ ወረቀት ላይ ራሳቸው ተማሪዎቹ እንዲሥሉት አደርጋለሁ። ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ጭምር ብታስቀምጥልኝ ይበልጥ ይረዳኛል፤ በየ500 ዓመቱ ከሆነ ይበቃል።